ካፖርቱን ማን ይጠብቅ?

ባላየሁት ነገር ላይ እንደ እኔ እርግጠኛ የሆነ ሰው ካርቱም ውስጥ ካለ ይምጣና እንወዳደር። ተራራ አይቼ አላውቅም። አንድም ቀን። እኛ በምንኖርበት በሐጅ ዩሱፍ ከፍ ያለ ነገር ቢኖር የውሃ ታንከርና የጎረቤታችን ድምፅ ነው። ነገር ግን በወሎ፣ መንገዱ ሦስቴ ተጠማዞ ጉም ውስጥ በሚገባበት ተራራ ላይ፣ አምስት ክፍል ያላት አንዲት ትንሽ ሆቴል እንዳለች አውቃለሁ። የደረጃዋ አራተኛ እርከን ሲረገጥ እንደሚያቃስት አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በመስኮት ገብቶ እንደ እንግዳ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እንደሚልም አውቃለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ሳስባት ይበርደኛል። በግንቦት። ካርቱም። እስቲ እናንተም ሞክሩት።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እናቴ ሰዓዳ ናት። እኔን የሁለት ዓመት ልጅ አዝላ ከዚያች ሆቴል ወጥታ ካርቱም ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከህረባ በጠፋ ቁጥር፣ ሌላ የሚሠራ ነገር ስለሌለ፣ ስለ ሆቴሏ ታወራልኛለች። የካርቱምን መብራት የምታውቁ እንግዲህ እኔ ስለዚያች ሆቴል ምን ያህል እንደማውቅ ገምቱ።

ሆቴሏን ማንም አስቦ አልሠራትም። አያቴ አባባ ይመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አንድ ቀን ጉም ውስጥ፣ አቀበቱ መሐል፣ መኪናው ቀጥ አለ። አብሯቸው የሚሠራው ጓደኛቸው እንድሪስ ቁልቁል ወርዶ መለዋወጫ ሊያመጣ ተስማሙ። እንድሪስ በእግር ስሄድ ይሞቀኛል ብሎ ካፖርቱን አወለቀና "ነገ መጣሁ፣ ይህችን ጠብቅልኝ" አላቸው።

እስከ ዛሬ አልመጣም።

አባባ ይመር ጠበቁ። ሲበርዳቸው እሳት አነደዱ፣ የመኪናውን ሸራ ወጥረው ተጠለሉ፣ በዘይት ቆርቆሮ ሻይ አፈሉ። ጭሱን ያየ ሌላ ሹፌር ቆመና ጠጣ። ሌላም ቆመ። በወሩ ዳቦ ተጨመረ፣ በዓመቱ ግድግዳ ተጨመረ። በሦስተኛው ዓመት አያቴ "ይህ ሰውዬ ወደ ቤቱ የሚመለሰው መቼ ነው?" ብላ ልትጠይቅ ተራራውን ወጣችና እሷም በዚያው ቀረች። እናቴና እህቷ የተወለዱት እንድሪስ እየተጠበቀ ነው። እኔም ብትሉ።

ካፖርቱ ታዲያ ከአንደኛው ክፍል በር በላይ በሚስማር ተሰቀለ፤ ክፍሉም "የካፖርቱ ክፍል" ተባለ። የሆቴሏ ወግ ከዚያ መጣ፤ ክፍሎቹ ቁጥር የላቸውም። እንግዳ የረሳው ነገር አይጣልም፣ አይሸጥም፤ በሩ ላይ ተሰቅሎ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ክፍሉም በእሱ ይጠራል። አንድ አስተማሪ ዝናቡ ያባራ ቀን የረሳው ጃንጥላ አለ፤ የጃንጥላው ክፍል። በብርድ ጊዜ ማንም ሳይነካው ሁለት ቃል ተናግሮ ዝም የሚል ሬዲዮ አለ፤ የሬዲዮው ክፍል። አንድ የጨርቅ ነጋዴ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የረሳው ሰው ሠራሽ ጥርስ አለ፤ የጥርሱ ክፍል። እዚያ ያደረ እንግዳ በህልሙ ሲበላ ነው አሉ የሚነጋው። የሆቴሏ አስተናጋጅ፣ ወጥ ቤትና አልጋ አንጣፊ የሆነው አያ ሙሄ ሐሙስ ሐሙስ የጥርሱን ውሃ ይቀይራል፣ የሁሉንም አቧራ ያራግፋል። ካፖርቱን ደግሞ "አሰላሙ አለይኩም" ሳይል አይነካውም።

አምስተኛው የሻሹ ክፍል ነው። ሻሹ የእናቴ ነው። እኔን አዝላ የወጣች ዕለት ስትጣደፍ ረሳችው፤ ዛሬ ሆቴሏን የያዘችው ታላቅ እህቷ አክስቴ ፋጡማ ሰቀለችው።

አንድ ሕግ ብቻ አለ። ሆቴሏ አንድም ቀን አትዘጋም። እንድሪስ የሚመጣው ልክ በተዘጋችበት ቀን ቢሆንስ? (አሁን ቢመጣ ከመለዋወጫው ይልቅ ምርኩዝ ሳይፈልግ አይቀርም፤ ቢሆንም።)

እንግዲህ በዚህ መሐል አክስቴ ደወለች። ዓይኗ ደክሟል። ደሴ ያለው ሐኪም ቀዶ ጥገና ይደረግልሽ፣ ከዚያ ለሁለት ወር ከጭስም ከንፋስም ራቂ ብሏታል።

"አያ ሙሄ አለ አይደል?" አለች እናቴ።

"እንዴ ሰዓዳ! ባለፈው ሦስት ቀን ብቻውን ብተወው ጃንጥላውን ለእንግዳ ሰጠው እኮ! 'ምነው?' ብለው 'ዝናብ ነበራ' አለኝ። በስድስት ወሩ በአውቶቡስ ነው የተመለሰልን። ከቤታችን ሰው ካልተገኘ ሆቴሏ መዘጋቷ ነው።"

እናቴ ስልኩን ዘግታ መሄጃዋን ማስላት ጀመረች። የምትሠራው ካፉሪ ሰፈር ነው፣ ሐጃ የምንላቸው አንዲት ባልቴት ቪላ ውስጥ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ኢጃዛ፣ የዕረፍት ፈቃድ፣ ጠይቃቸው አታውቅም። ሳይፈቀድላት ብትሄድ ስትመለስ ሌላ ሴት ወጥ ቤቱ ውስጥ ታገኛለች፤ እኛ ደግሞ ከዚያ ሥራ ሌላ የለንም። ሦስት ቀን ስትለማመድ ሰንብታ ጠየቀቻቸው።

"ምን አሉሽ?" አልኳት ማታ።

"ኢንሻአላህ አሉኝ።"

"ጥሩ ነዋ!"

"ለእህታቸው አምባር ሊገዙ ኢንሻአላህ ካሉ ሦስት ዓመታቸው ነው። የእህቴ ዓይን ነው አልኳቸው። 'ለዓይን ሐኪም አለው፤ የእኔን ጉልበት ማን ያሽልኛል?' አሉኝ።"

እዚህ ላይ ነው እኔ የምገባው። ባልገባ ይሻል ነበር፤ ግን ገባሁ። በዚያ ሰሞን በኢትዮጵያውያን ትምህርት ቤታችን የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ሁሉ አንብበውልኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል የማይከፍተው በር ያለ አይመስለኝም ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር "ጉልበታቸውን እኔ አሻለሁ" ብዬ እናቴን ተከትዬ ካፉሪ ሄድኩ።

የሐጃ ሳሎን ትልቅና ጸጥ ያለ ነው። በሩ ኋላ ነጭ ጀለቢያ ተሰቅሏል። ባሕር ማዶ የሚሠራው የልጃቸው ነው፤ ማንም ሲለብሰው አላየንም፤ ግን እናቴ በየሳምንቱ ትተኩሰዋለች። ሐጃ አልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ጉልበታቸውን በዘይት እያሸሁ፣ በዐረብኛ፣ ነገሩ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው፣ "ያ ሐጃ፣ እኛ እኮ ተራራ ላይ ሆቴል አለን" አልኳቸው።

"የማን? የእናንተ?"

"የእኛ። ጉም አልጋ ላይ የሚቀመጥበት።"

ዓይናቸውን ገለጡ። "ጉም ምን ይመስላል፣ ያ በት፣ አንቺ ልጅ?"

አያችሁ? እኔም አይቼው አላውቅም! ሁለታችንም ያላየነውን ነገር አንዳችን ለአንዳችን ማስረዳት ጀመርን። የመጀመሪያውን ቀን በጉም ጨረስነው። በሁለተኛው ቀን ወደ ካፖርቱ ገባን። በሦስተኛው ቀን ከህረባ ጠፋ፤ አየር የሚያቀዘቅዘው መከይፍ ተንፍሶ ቆመ፤ ሳሎኑ ውስጥ ዝንቧ እንኳ መብረር አስጠላት። እኔ ያን ጊዜ የጠዋቱ ውርጭ ላይ ነበርኩ። ሣሩ ነጭ ሆኖ ሲሰበር፣ አያ ሙሄ ጣቶቹን በትንፋሹ እያሞቀ እንጨት ሲፈልጥ፣ የሚያናግርህ ሰው ቃሉ ከአፉ እንደ ጭስ ሲወጣ… ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እያዘገምኩ ነገርኳቸው። ሐጃ የተከናነቡትን ቶብ ወደ ትከሻቸው ሳቡ። እግራቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ተጣሩ።

"ያ ሰዓዳ! ብርድ ልብስ አምጪልኝ!"

እናቴ ከወጥ ቤት ላቧ በአገጯ እየተንጠባጠበ መጣች። ሐጃን አየች። እኔን አየች። ሄዳ ከሳጥን ውስጥ የክረምቱን ብርድ ልብስ አወጣችላቸው።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። በካርቱም ግንቦት፣ በቃል ብቻ፣ ሰው አስበረድኩ! ማቆም የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። ግን ብርድ ልብስ ያስመጣ ሰው እንዴት ብሎ ያቆማል?

አልቆምኩም። አምስቱ ክፍል ሰባት ሆነ፤ ሐጃ ሲገረሙ ዘጠኝ ሆነ፤ እህታቸው ለመስማት የመጡ ዕለት አሥራ ሁለት ደረሰ። ግቢው ውስጥ ፏፏቴ ተከልኩ። ከምስር ወጥ ሌላ የማያውቀውን አያ ሙሄን የሰባት ወጥ ቤት ሠራተኞች አለቃ አድርጌ ሾምኩት። የሚያቃስተውን ደረጃ እምነ በረድ አለበስኩት። ያልነካሁት ነገር የተሰቀሉትን ዕቃዎች ብቻ ነው፤ ካፖርቱን፣ ጃንጥላውን፣ ጥርሱን። ለእነሱ የምጨምረው ጠፋኝ፤ እውነታቸው ራሱ ውሸት ይመስላል።

ሐሳቤ ሐጃ ሆቴሏን ይወዷትና እናቴን "ሂጂ" ይሏታል የሚል ነበር። ከሐሳቤ ግማሹ ተሳካ። ወደዷት።

አንድ ጠዋት ስንደርስ ሐጃ ሳሎን መሐል ቆመዋል። የለበሱት ከሱፍ የተሠራ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ካፖርት ነው። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል፤ ላቡ ከአንገታቸው ወደ ካፖርቱ ውስጥ እየገባ ይጠፋል።

"ያላ ሰዓዳ!" አሉ። "እንሄዳለን! እኔ፣ እህቴ፣ የእህቴ ልጅ። ለእኔ ፏፏቴው አጠገብ ያለውን ክፍል አስይዢልኝ።"

እናቴ የያዘችውን ትሪ ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እናቴ ዕቃ ቀስ ብላ ካስቀመጠች መሮጥ ነው። ግን ወዴት?

ወጥ ቤት ውስጥ በሩን ዘጋችብኝ።

"ፏፏቴ?"

"ትንሽ ነው እማ…"

"ስንት ክፍል አለው አልሻቸው?"

"አሥራ ሁለት።"

"ሰባቱን ከየት አመጣሻቸው አንቺ? በነቢ ንገሪኝ፣ ከየት አመጣሻቸው?"

"ቀስ በቀስ ነው የመጡት።"

አትስቁ። እሷም ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር፤ ግን ዓይኗ ዕንባ ሞላ። "እኔ እኚህን ሴትዮ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቃል ዋሽቻቸው አላውቅም" አለች። "ያለኝ እሱ ብቻ ነው። አሁን ምን ብዬ ነው ኢጃዛ የምጠይቃቸው?"

በቃሌ የጨመርኩት ክፍል ሁሉ ያን ጊዜ በእኔ ላይ ዞረ።

ሐጃ ግን አልጠበቁንም። "ደውዪ! ሆቴሉን በስልክ ልየው!" አሉ። ደወልን፣ በቪዲዮ። አክስቴ ፋጡማ አነሳች፤ ስክሪኑ ላይ ግን ነጭ ነገር ብቻ ነው ያለው። ጉም ነበር። የእውነት ጉም! ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው፤ ልደሰት ስል ግን አስተርጓሚዋ እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

"ፏፏቴው የታለ?" አሉ ሐጃ።

"አክስቴ፣ ሐጃ… ውሃ እንዴት ነው ይላሉ" አልኩ በአማርኛ።

"አይ ውሃ! ምን ላድርግ ልጄ፣ የሬዲዮው ክፍል ጣሪያ ያፈሳል፤ ሳፋ ደቅኜበታለሁ።"

"ውሃው ክፍል ውስጥ ድረስ ይገባል ትላለች" አልኩ በዐረብኛ።

"ማሻአላህ!" አሉ ሐጃ። ላባቸውን ጠረጉ። "ሠራተኞቹስ?"

"አያ ሙሄ ደህና ነው ወይ ይላሉ።"

"ሙሄ? ትናንት ራሱን ቆልፎ የጥርሱ ክፍል ውስጥ ተኝቶ አገኘሁት።"

"እነሱ… አሁን ዕረፍት ላይ ናቸው ትላለች።"

እናቴ አጠገቤ ቆማለች። ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች። አልተቆጣችም፤ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ ከቁጣ የባሰ ነው። "በቃ፣ የኔ እናት" አለችኝ። "አሁን እውነቱን ንገሪያቸው። አንቺው።"

ነገርኳቸው። ክፍሎቹን አንድ በአንድ አፈረስኩ። ፏፏቴውን አደረቅኩት። እምነ በረዱን ነቀልኩ። አምስት ክፍል፣ አንድ ሽማግሌ፣ ምስር ወጥና ሳፋ ብቻ ቀረ። ሐጃ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቁጭ አሉ።

"ካፖርቱም ውሸት ነው?" አሉ።

"ካፖርቱ እውነት ነው ወላሂ።"

"ሰውዬው አልመጣም?"

"አልመጣም።"

"ጥርሱ?"

"እውነት ነው። ጃንጥላውም። እነሱ ላይ ምንም አልጨመርኩም።"

ሐጃ ዞር ብለው በሩ ኋላ ያለውን ጀለቢያ አዩት። ከዚያ ወደ እናቴ ተመለሱ፤ ተቆጡ። "አንቺ ሴት! 'እህቴ ዓይኗን ታመመች' ብቻ ነው ያልሽኝ! ስለ ካፖርቱ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ካፖርቱ… ምን ብዬ ልንገርዎት ሐጃ?"

"ለዓይን ሐኪም አለው ብያለሁ! ለካፖርቱ ግን ማን አለው? ሰውዬው ቢመጣና በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?" ካፖርታቸውን ታግለው አወለቁና በእናቴ ክንድ ላይ ጣሉት። "ይህን ልበሽና ሂጂ። ሁለት ወር። ይህች ውሸታም ደግሞ ለሁለት ወር እዚህ ትቀራለች። ጉልበቴን ታሻለች፤ በየቀኑ ከዚያች ሆቴል እውነት የሆነ ነገር ብቻ ትነግረኛለች። አንድ ክፍል ከጨመረች መከይፉን አጥፍቼ ነው የማስወራት።"

ይኸውላችሁ፤ ተራራው ላይ ለመውጣት በህልሟ ስትቃትት የኖረችው እኔ፣ ለእናቴ መንገዱን ከፍቼ ካፉሪ ቀረሁ።

አብረውን በአንድ ሆሽ፣ በአንድ ግቢ፣ የሚኖሩት ሴቶች ወሬውን ሰሙና፣ ቀልዳቸውን ነው፣ "አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የናፈቃትን ቦታ ካገኘች ትመለሳለች ብለሽ ነው?" አሉኝ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ስተኛ ግን ጥያቄያቸው አብሮኝ ተኛ። እናቴ ስትሄድ ምን ልሆን እንደሆነ ለካ አንድም ቀን አላሰብኩም! ካፖርቱ ይጠበቃል፣ ጥርሱ ይጠበቃል፤ እኔስ?

የጉዞው ጠዋት እናቴ ሻንጣዋን አራት ጊዜ ፈተሸች። ምንም ነገር የማትረሳ ሴት ናት፤ የጋዙን ሲሊንደር ዘግታ ከወጣች በኋላ ሁለቴ ተመልሳ ታያለች። "መናኸሪያ አትምጪ፣ ታስለቅሺኛለሽ" ብላኝ በባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ሄደች። ወደ ክፍላችን ስመለስ ከበሩ በላይ፣ ቁልፍ በምንሰቅልበት ሚስማር ላይ፣ ሲፊንጃዋ ተሰቅሏል። ያ ሰማያዊ የጎማ ነጠላ ጫማዋ። አንድ እግሩ ብቻ።

"ወይኔ!" አልኩ። አጥባ እንዲደርቅ ሰቅላው ረስታዋለች! እናቴ በተራራ ብርድ በአንድ ጫማ!

ነጥቄ ሮጥኩ። ረክሻ አስቆምኩ። "መናኸሪያ! ፍጠን! እናቴ ጫማዋን ረስታለች!"

ሹፌሩ ሲፊንጃውን አየው። "አንድ ብቻ?"

"አንድ ብቻ!"

"እናትሽ ስንት እግር አላት?"

"ንዳው አልኩህ!"

ነዳው፣ አላህ ይስጠው፤ በአህያ ጋሪ መሐል፣ በሐብሐብ ክምር መሐል። ስንደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። እናቴ መስኮቱ ጋ ናት። ሲፊንጃውን እንደ ባንዲራ እያውለበለብኩ ሮጥኩ።

"እማ! እማ! ጫማሽ!"

እናቴ ዞር አለች፤ ሲፊንጃውን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። "አንቺ ልጅ! ምን አድርጊ ብዬሽ አመጣሽው? መልሺው!"

"ረስተሽው እኮ ነው!"

"አዎ ረስቼዋለሁ!" ብላ ጮኸች፤ አውቶቡሱ ሙሉ እኛን ያያል። "ረስቼዋለሁ አልኩሽ! ሂጂና ቦታው ላይ ስቀይው!"

አጠገቧ ያለው ሰውዬ ሊረዳ ፈልጎ "አይ እናት፣ ቢቀበሉት ምን ነበረበት?" አላት።

"አያገባህም!" አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ለሐጃ ሁሉን ነገር ተናግረሽ፣ ለአንቺ አልገባሽም?"

አውቶቡሱ ሲነሳ ነው የገባኝ። ሲፊንጃውን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ መናኸሪያ መሐል፣ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ረክሻ ነጂው ሲጠብቀኝ ነበር። "አልተቀበለችሽም?" አለኝ።

"አልተቀበለችኝም!" አልኩት፤ በደስታ ልሞት ነው። ግራ ገብቶት ወደ ቤት መለሰኝ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ደወለች። ከጀርባዋ ነጩ ጉም አለ፤ ጉሙ ውስጥ የሐጃን የሱፍ ካፖርት የለበሰች ሴት ምጣድ የሚያህል ሳፋ ተሸክማ ታልፋለች። "እናትሽ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ብቻ ይዛ መጣችልኝ" አለች አክስቴ። "ካርቱም ሌላውን በላው?"

"አልበላውም፣ አለ። ያኛውን ምን አደረጋችሁት?"

"ምን እናደርገዋለን? አያ ሙሄ ገና ሲያየው ተቀብሎ ከሻሹ ጎን ሰቀለው።"

እኔ የማድረው ሐጃ ጋ ነው። እውነት የሆነ ነገር እያለቀብኝ ስለሆነ በየቀኑ አያ ሙሄ ጋ እደውላለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ግን ወደ ሐጅ ዩሱፍ እመጣና የክፍላችንን በር እከፍታለሁ። ሲፊንጃዋ የሳምንት አቧራ ለብሳ ትጠብቀኛለች። "አሰላሙ አለይኩም" እላትና አራግፋታለሁ፤ በሩንም እስኪመሽ አልዘጋውም።